ጦጣዋ ያነሳችው ፎቶ

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያለሁ። ሰው ማማቴን፣ ጠጥቼ መሳደቤን፣ በጎረምሳነቴ የሠራሁትን ጉድ ሁሉ አንድ በአንድ ዘርግፌላቸዋለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። መስቀል ተሳልሜ ስወጣ ልቤ "አንዷ ቀረች እኮ" ይለኛል፤ "ዝም በል!" እለዋለሁ። እሳቸውም ሳይሰሟት አረፉ፣ እኔም አርጅቼ ቀኔን እጠብቃለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ የምነግራችሁም ስለማታውቁኝ ነው። በሐሰት ምያለሁ። የቤተ ክርስቲያን በር በእጄ ይዤ፣ እኔ ያላነሳሁትን ፎቶ እኔ ነኝ ያነሳሁት ብዬ ምያለሁ። ፎቶውን ያነሳችው ጦጣ ነበረች።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ስትጨርሱ ግን ከሳቃችሁ ምን እንደሚተርፍ እናያለን።

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ላይ፣ በጅማ መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረኝ። ካሜራዬ ከአንድ አርመን እጅ ያገኘሁት፣ ሦስት እግር ያለው ትልቅ ሣጥን ነው። ጥቁር ጨርቅ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቂጤን ለሰማይ ሰጥቼ በኋላው መስታወት አያለሁ። ሰው በዚያ መስታወት ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ከዚያ ፎቶው የሚያርፍበትን መስታወት ከነማቀፊያው አስገባለሁ። ከካሜራው በቀጭን ቱቦ የተንጠለጠለች እንቁላል የምታህል የጎማ ፊኛ አለች። እሷን ጭምቅ ሳደርጋት ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ይከድናል። ሥራው ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ፎቶ ላይ መሳቅ ነውር ነበር። ከሁሉም የባስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። "ጥርስ አይታይ! አገጭ ቀና! እንዳትተነፍሱ!" እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ከሰበታ እስከ ዓለም ገና በየግድግዳው የተሰቀለው ሰው ሁሉ ተፈርዶበት የወጣ የሚመስለው በእኔ ጥፋት ነው።

ሚስቴ አስካለ ትባል ነበር። ባለጉዳዩ ልብሱን እስኪያስተካክል ድረስ እሷን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነበር ካሜራዬን የማስተካክለው። ስንት ዓመት ሙሉ ተዘቅዝቃ አየኋት! አንድም ቀን ግን አላነሳኋትም። ለገዛ ሚስት መስታወት ማበላሸት ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። ሳቋንም በቅጡ አላውቀውም። ጓሮ ከሴቶች ጋር ስትስቅ እሰማለሁ፤ ስገባ ዝም ትላለች። ለምን ዝም አትል? ከገዛ ወንድሟ ጋር ስታወጋ ባየኋት ቀን ማታውን ሙሉ ተኮሳትሬ የማድር ሰው ነበርኩ። ማን ሰላም አለሽ፣ ለምን ቆምሽ፣ ምን አለሽ፣ ምን አልሽው። ይኸው ነበር ጨዋታዬ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የኔ አጥንት ያን ጊዜ ወንፊት ሆኖ መሆን አለበት።

ኦቦ ዳባ የመናገሻ ደን ዘበኛ ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። ሥራው ቃሉ ነው። ጫካ ገብቶ ዛፍ የቆረጠ ሰው ሲከሰስ ከዳባ በቀር ምስክር ከየት ይመጣል? ዳኛውም "ኦቦ ዳባ ካለ አለ" ብለው ነበር የሚፈርዱት። አንድ ቀን እናቷን ውሻ የበላባት ግልገል ጦጣ ጫካ ውስጥ አግኝቶ አሳደጋት፤ ሎሚ ብሎ ስም አወጣላት። በገመድ አስሮ በሄደበት ሁሉ ያስከትላታል። ያየችውን ሁሉ ትሠራለች፤ ሲያስል ታስላለች፣ ኮፍያውን ሲያወልቅ ራሷን ታካለች።

አንድ ጠዋት ዳባ ካኪውን ለብሶ፣ ጠመንጃውን ይዞ ሊነሳ መጣ፤ ሎሚም ተከትላው። እኔ አስካለን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ጨርቁን ተከናንቤ ካሜራውን አስተካከልኩ፤ መስታወቱን አስገባሁ፣ የማቀፊያውን ክዳን ሳብኩ፤ ፊኛዋን መጭመቅ ብቻ ቀረ። "ኦቦ ዳባ፣ ና ተቀመጥ" ልል ስል አንዲት ሴትዮ በር ላይ መጥታ ጮኸች። ባለፈው ሳምንት ያነሳኋት ፎቶ ዓይኗ ተጨፍኖ ወጥቶባት ኖሯል። "ሬሳ አስመሰልከኝ!" ብላ ሰፈሩን አነቃነቀችው። ወጥቼ ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ ከግቢዬ ሳቅ ሰማሁ። የአስካለ ሳቅ ነው። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ተመልሼ ስገባ ሎሚ ጥቁሩን ጨርቅ ራሷ ላይ ጥላ፣ ቂጧን ሰጥታ፣ ካሜራው ኋላ ተጎንብሳ ነበር። ፊኛዋ በእጇ ናት። ዳባ ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ ዕንባው እስኪፈስ ይስቃል። አስካለ ስታየኝ ሳቋ ቀጥ አለ። "መስታወቴን አበላሻችሁት!" ብዬ ጮህኩ። ዳባ ይቅርታ ጠየቀኝና በሌላ መስታወት አነሳሁት፤ ሄደ።

የተበላሸውን መስታወት ልወረውረው ነበር። ምነው በወረወርኩት! ግን ምን ወጥቶ ይሆን ብዬ ጨለማ ክፍል ይዤው ገባሁ፤ አጠብኩት፤ አተምኩት። አስካለ ወጣች። ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፣ አንድ እጇ ደረቷ ላይ፣ ጥርሷ በሙሉ ታይቶ። በዕድሜዬ ያን የሚያህል ፎቶ አላነሳሁም። አሁንም አላነሳሁም ማለቴ ነው። አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ ዓይኗን ተከተልኩ። ዓይኗ ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ከካሜራው ኋላ ማን ነበር? ጦጣዋ። ከጦጣዋ ኋላስ? ገመዱን የያዘው ሰውዬ።

ፎቶውን ደጄ ላይ በመስታወቱ መስኮት ሰቀልኩት። ለምን እንደሰቀልኩት አትጠይቁኝ፤ የደረሰብኝን ለራሴ ለማየት ይሆናል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያልፍ የተከበረ ሰው መኪናውን አቁሞ ገባ። "ማነው ያነሳት?" አለኝ። "እኔ" አልኩት። "ማን ናት?" "ባለቤቴ።" "ታድለሃል" አለ፣ "እንዲህ አድርጋ የምታይህ ሚስት አለችህ።"

እንዲህ አድርጋ የምታይህ! ገባችሁ? ፎቶውን ያነሳው እኔ ከሆንኩ፣ ያ ዓይን የሚያየው እኔን ነው። ያ ሳቅ የኔ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ "እኔ" የሚል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም "እኔ ነኝ" እል ጀመር። ባለመኪናው ሰውዬ ፎቶውን ወስዶ በግድግዳ ካሌንደር አሳተመው። ከሥሩ ስሜ ተጻፈ። ካሌንደሩ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን አዳረሰ፤ አስካለ በየሱቁ ሳቀች።

ዳባ ታዲያ በጠጅ ቤት ሲጫወት "የሎሚን ስም ማን በላው? ካሌንደሩ ላይ አጣሁት እኮ!" አለ። ቀልዱ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል፣ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያዘው። ባለጉዳይ ይመጣና "ዛሬ የሚያነሱን እርስዎ ነዎት ወይስ ያቺ ባለሙያዋ?" ይለኛል። ይህን እችለው ነበር። ያልቻልኩት አንዲት እንጨት ሻጭ የነገረችኝን ነው። "ካሌንደርዎ እኮ በኦቦ ዳባ ጎጆ ሳይቀር ተሰቅሏል" አለችኝ፣ ደስ ይበለው ብላ። ሚስቴ በዳባ ግድግዳ! ማታ ሲተኛ የሚያያት፣ ጠዋት ሲነሳ የሚያያት! ያው ካሌንደር በሐጂ ከድር ሱቅም ተሰቅሎ ነበር፤ በወፍጮ ቤቱም ነበር። እሱ ትዝ አላለኝም።

ስሜን አጠፋ ብዬ ለሽማግሌ ከሰስኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ተቀመጡልን፤ ባላምባራስ ተሰማ፣ ኦቦ ቱሉና ሐጂ ከድር። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ ቆሙ፤ አስካለም ከእነሱ ጋር።

ጥያቄው ፎቶው የማን ነው የሚል ሆነ። ሐጂ ከድር ጀመሩ። "ንቧ ከማንም አበባ ትቅሰም፣ ማሩ የባለ ቀፎው ነው።" ኦቦ ቱሉ ቀበል አደረጉና "ጥጃስ?" አሉ። "የጎረቤት ኮርማ አጥር ጥሶ ቢገባ፣ ጥጃው የባለ ላሚቱ ነው። ካሜራው ላሚቱ ነው። ጦጣዋ ኮርማው ናት።" "ሎሚ ሴት ናት እኮ!" አለ አንዱ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ባላምባራስ አልሳቁም። "ቆይ እንጂ፣ ይቺ ጦጣ የሰው በቆሎ ብትበላ ከፋዩ ዳባ ነው። ጥፋቷ የሱ ከሆነ ልፋቷስ የማን ሊሆን ነው?" አሉ። ሰው "እውነት ነው!" አለ። እኔ ቁጭ ብዬ እንደ ድስት እፈላለሁ።

ዳባ ተነስቶ ቆመ። "አባቶቼ፣ ፎቶውን አልፈልግም። የሱ ነው፣ ይውሰደው። ሚስቱም የሱ ናት። ዋቃ ያውቃል፣ ቀልድ ነው የቀለድኩት። ብቻ ውሸታም አይበለኝ። እኔ በቃሌ የማድር ሰው ነኝ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተጠጋጉ፣ ተንሾካሾኩ፣ ፈረዱ። ፎቶው የባለ ካሜራው ነው፤ ዳባም ቀልዱን ይተው፤ ተሳሳሙ። አለቀ! አሸነፍኩ! ፎቶው የኔ ሆነ። ተነስቼ ስሜው ብሄድ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን "ሚስቱም የሱ ናት" ያላት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ትጮሃለች። እሱን ማነው ሰጪ ያደረገው? ሚስቴን ለእኔ የሚመርቅልኝ እሱ ማነው? ደግሞስ ፎቶው በጥጃ ሕግ የኔ ቢሆን ሳቁ የኔ ሊሆን ነው? ተነሳሁና "ፍርዱን አልቀበልም" አልኩ። "ፊኛዋን የጨመቀው እጄ ነው። ጦጣዋ አልነካችውም። ይህ ሰው ይዋሻል።"

ባላምባራስ ደነገጡ። "ልጄ፣ ፎቶው ያንተ ነው አልንህ እኮ። ሌላ ምን ትሻለህ?"

"እምላለሁ" አልኩ።

ባላምባራስ ወደ ዳባ ዞረው "ምስክር አለህ?" አሉት። ምስክር ነበረው። ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ዳባ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ባሏን በአደባባይ ውሸታም ብታደርገው ማታ ቤቷ ምን እንደሚጠብቃት አሰበ መሰለኝ። "ምስክር የለኝም" አለ። አዘነላት። እኔ ባሏ ላልራራሁላት ሴት እሱ ራራላት። ታዲያ ይህን ሳይ አፈርኩ? አላፈርኩም። ይልቅ "እንዴት አድርጎ ቢወዳት ነው!" አልኩና ጭራሽ ጨከንኩ።

ወደ ማርያም ደጅ ሄድን። በሩን ያዝኩ። "ያ ፎቶ በዚህ በእጄ ካልተነሳ ዓይኔን ያጥፋው!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ደገምኩት። ዓይኔ አልጠፋም። ይኸው እስከ ዛሬ ያለ መነጽር ክር በመርፌ አስገባለሁ።

ዳባ "ሰው የማርያምን በር ይዞ ከማለማ፣ እንግዲያው የዋሸኝ ዓይኔ ነው" አለ። በባሕሉ መሠረት ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመ፤ ያ ረጅም ሰውዬ ጉልበቴ ድረስ ጎንበስ አለልኝ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለኝ። ላቡ እግሬ ላይ ጠብ ሲል አየሁ። እኔም ድንጋዩን አወረድኩለትና "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩት። ሰው "ጎሽ! ጎሽ!" አለኝ። የበደልኩትን ሰው ይቅር አልኩት! በሐሰት የማለ ብዙ ነው፤ በሐሰት ይቅር ያለ ግን ከእኔ ሌላ ማን አለ? እኔ አፈር ልብላ።

ማታ አስካለ እራቴን አቀረበችና ከፊቴ ተቀመጠች። አትቀመጥም ነበር። "ልጠይቅህ?" አለች። "ያነሳኸኝ አንተ ከሆንክ፣ ምን ብለህ አሳቅከኝ?"

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጥርቼ ነው የማውቀው፤ እየተከታተልኩ እሰማ ስለነበር። ዛፍ ቆራጭ በተከሰሰ ቁጥር "ጌታዬ፣ ይህ ሰው እኮ በሽማግሌ ፊት ዋሽቶ ድንጋይ የተሸከመ ነው" ይላል። "ኦቦ ዳባ ካለ አለ" የሚለው ነገር ቀረ። ቃሉ ከወደቀ የደን ዘበኛ ምን ይሠራል? ካኪውን አስወለቁት። ሎሚን ጫካ ለቀቃትና ልጆቹን ይዞ ሱሉልታ፣ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ሄደ። ልጆቹን እዚያ ሳይቀር "የጦጣ ምስክር ልጆች" ይሏቸው ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር ብዬ አይደል የጀመርኩት፤ ደስ አለኝ። ከሰበታ ሱሉልታ ይርቃል አልኩ።

ዓመታት አለፉ። አስካለ ታመመች፤ የማይድን ሕመም። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እጄን ያዘችና "አንተ ሞኝ" አለችኝ። "ሎሚ ያን ጨርቅ ተከናንባ ቂጧን ሰጥታ ስትጎነበስ ቁርጥ አንተን ሆነች። የምትቆጣበት አኳኋንህ እንኳ አልቀረም። የሳቅኩት በአንተ ነው። ወድጄህ ነው የሳቅኩት። ዳባ መቆሙንም አላየሁ። በል አሁን ሄደህ የሰውየውን ስም መልስለት።"

የሳቀችው በእኔ ነበር! ፎቶው በሕግ የኔ ነበር፤ ሳቁም የኔ ነበር። ታዲያ ያን ሰው ያጠፋሁት ምን ላገኝ ነው?

በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ። ዳባን ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከብቶቹን ሲጠብቅ አገኘሁት። አርጅቷል። ሲያየኝ ተነሳ። "አካም ጂርታ!" ብሎ አቀፈኝ። ልቤ ተከፈተ፤ ምላሴ ላይ ነበረች፣ ልተፋት። እሱ ግን ሰላምታውን ቀጠለ። "ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ሥራው? ጎረቤቱ? አስካለስ ደህና ናት?"

አስካለ አላት! ባለቤትህ አላለም፣ ቤተሰብ አላለም፤ በስሟ ጠራት። ይህን ሁሉ ዓመት ስሟን አልረሳውም! ከብቱንም፣ ጎረቤቱንም ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። አስካለ ራሷ "መቆሙንም አላየሁ" ያለችኝን ረሳሁት። ምላሴ ላይ የነበረችውን መልሼ ዋጥኳት። "ደህና ናት" አልኩ። "ምን እግር ጣለህ?" አለኝ። "ወደ ጫንጮ ሳልፍ ነው" አልኩት። ወተት አስመጣልኝ፤ ጠጣሁለትና ሄድኩ።

አስካለ ስገባ ቀና አለች። "አገኘኸው?" "አገኘሁት።" "ነገርከው?" "ነገርኩት፣ ታረቅን።" ተመስገን አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ሳምንት አልቆየችም። ዳባም ከዓመት በኋላ ሞተ።

ካሌንደሩ አሁንም ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል። ቀኖቹ ተቀድደው አልቀዋል፣ እሷ ቀርታለች። ጠዋት ስነሳ አያታለሁ። መጀመሪያ የሚሰማኝ ጸጸት ቢሆን ይቅር በሉኝ እላችሁ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ያው ቅናት ነው፤ ሁለቱም አፈር ሆነው፣ እኔ ሽማግሌ ሆኜ፣ ዛሬም ዓይኗን ተከትዬ ወዴት እንደምታይ እፈልጋለሁ። ጸጸቱ ከቁርስ በኋላ ነው የሚደርሰው። ንስሐ መተው ነው ይላሉ ካህናቱ፤ እኔ ገና አልተውኩም። ስለዚህ ይቅርታ አትስጡኝ።

ይልቅ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የዳባ ልጆች ሱሉልታ ናቸው፤ ዛሬ እነሱም ሽማግሌዎች ናቸው። ካገኛችኋቸው፣ አባታችሁ እውነቱን ነበር፣ ዋሾው ፎቶ አንሺው ነው በሏቸው። እኔ ሄጄ እንዳልነግራቸው፣ አፌን አላምነውም።